ለግንቦት የተሰናዳ እሳት

ፎርሙ ሎርና ቦርሳ ውስጥ ከገባ አሥረኛ ቀኑ ነው። አራት ገጽ ነው። ልጇ ሜሬዲት ስትሸኛት በእጇ ያስያዘቻት ሲሆን፣ በቶሮንቶ ሰሜናዊ ጫፍ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ መናፈሻ የሚያይ ክፍል ተይዞልሻል ይላል። የጎደለው የሎርና ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ማክሰኞ ካልደረሰ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሎርና ፎርሙን አንድም ቀን አላወጣችውም፤ ግን መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን በከፈተች ቁጥር ጥጉ ብቅ ይላል።

እነሆ ዛሬ እሑድ ሆኗል። ነገ የምስጋና በዓል ነው። የሚጓዙበት ቤት መኪና የኤይኖ ላክሶ ነው፤ ከኋላው ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ ሁለት ዓይን ያለው ምድጃና በር ሲዘጋ ብቻውን የሚከፈት ቁም ሳጥን አለው። ኤይኖ በእናቱ ስም ሄልሚ ብሎታል። ሄልሚ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች፤ ቁልቁለት ስታገኝ ደግሞ ሳህኖቿን ታንኳኳለች።

«እናቴም እንዲሁ ነበረች» ይላል ኤይኖ። «ቁልቁለት አትወድም ነበር።»

በአሥር ቀን ውስጥ ስንት ሐይቅ አጠገብ እንዳደሩ ሎርና መቁጠር ትታለች። አንዱ ሐይቅ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሜፕል ዛፉ ገና ጥግ ጥጉን ነበር የቀላው፤ አሁን ሙሉ ኮረብታ ቀልቶ፣ ቅጠሉ የመኪናው መስታወት ላይ እየተለጠፈ ኤይኖ መጥረጊያውን ያበራል። ማለዳ ከውሃው ላይ ጉም ሲነሳ ሁለቱም ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው፣ አንድ ትልቅ ኩባያ እየተቀባበሉ፣ ወደ ደቡብ የሚሄዱትን ዝይዎች ይሸኛሉ። ሎርና እንዲህ ያለ ጠዋት ይደርሰኛል ብላ አስባ አታውቅም። በየማለዳው አምላኳን በልቧ ታመሰግናለች፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ግን ፎርሙ ትዝ ይላታል።

ኤይኖ ስለ ፎርሙ ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን ነግራዋለች። እሱም «መስኮቱ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሳውም። ሎርናን የሚያናድዳት ይኸው ዝምታው ነው። «አትፈርሚ» ቢላት ምን እንደምትመልስ አታውቅም፤ ግን እንዲላት ትፈልጋለች። በስልሳ አምስት ዓመቷ እንደ ኮረዳ የሰው አፍ ስትጠብቅ ራሷን ታዘበች።

«እዚህ ጋ ብንታጠፍስ?» አላት ኤይኖ፣ ወደ አንድ የጠጠር መንገድ በአገጩ እየጠቆመ።

«ካርታው ላይ የለም።»

«ካርታው ይህን አገር የት ያውቀዋል።»

«ሜሬዲት እየጠበቀችን ነው።»

«ታዲያ እንሂዳ» አለ፤ ቀጥ ብሎም ነዳ። እጁ ግን ከመሪው ወርዳ የሎርናን ጉልበት ነካ አድርጋ ተመለሰች። ሎርና ያንን እጅ ይዛ ማስቀረት ፈልጋ ነበር። አልደፈረችም።

ያልደፈረችበት ምክንያት አርባ አምስት ዓመት ያስቆጠረ ነው።

ያኔ ሎርና የዳኛ ልጅ ነበረች። ኤይኖ ደግሞ የዳኛውን የሐይቅ ቤት የሚጠብቀው የፊንላንዳዊው ላክሶ ልጅ። ዳኛው ቤተሰቡን ይዞ በሞቃቱ ወራት ይመጣል፤ በጥቅምት፣ የምስጋና በዓል ሲያልፍ፣ ወደ ቶሮንቶ ይመለሳል። ከዚያ አባትና ልጅ ላክሶ ውሃውን ከቧንቧዎቹ አፍስሰው፣ መስኮቶቹን በሳንቃ ከድነው፣ የጀልባ መድረኩን ከሐይቁ ጎትተው ቤቱን ለበረዶው ይዘጉታል። የዳኛው ልጅና የጠባቂው ልጅ በአንድ ጀልባ ታይተዋል የሚለው ወሬ ዳኛው ጆሮ ሲገባ፣ ሎርና ወደ ሐይቁ ብቻዋን እንዳትወርድ ተከለከለች።

ሃያ ዓመቷ ነበር። ከመሄዷ በፊት ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ ሹክ ብላ የጠየቀችው እሷ ናት፤ «ትምህርቴን እስክጨርስ ትጠብቀኛለህ? አሁን አትመልስልኝ፣ አስብበት። የሚመጣልኝን ፖስታ እናቴ ነች የምትከፍተው። መልስህን ቤቱን ስትዘጉ እዚሁ ቤት ውስጥ ተውልኝ። በግንቦት ከሁሉም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።»

በግንቦት ቀድማ ገባች። መልስ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ደግ የጥርስ ሐኪም አገባች፤ መልካም ትዳር ነበር፤ ሜሬዲትን ወለደች፤ ከአራት ዓመት በፊት ባሏን ቀበረች። ኤይኖ ሰድበሪ ከተማ ሄዶ፣ ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ ሠርቶ፣ አግብቶ፣ እሱም ሚስቱን ቀብሮ ጡረታ ወጣ። ባለፈው ሚያዝያ ሎርና በሐይቁ አጠገብ ባለችው ከተማ ሱቅ ገብታ የአይጥ ወጥመድ ስትመርጥ፣ «ያኛው አይዝም» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። ድምፁን ፊቱን ሳታይ አወቀችው።

ስለዚያ ክረምት ግን አንድም ቀን አላነሱም። ሎርና «ለምን ዝም አልከኝ?» ብላ ብትጠይቅ የተገኘው ደስታ የሚበተን ይመስላታል። አንድ ጊዜ ያለ ቃል የተወ ሰው ደግሞ ሊተው ይችላል እያለች፣ በሰላሙ መሐል ትፈራለች።

*

ሜሬዲት የሐይቁ ቤት በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀቻቸው። ባሏና ልጆቿ አማቶቿ ዘንድ በዓሉን እያከበሩ ነው፤ እሷ የመጣችው ከእናቷ ጋር እራት ልትበላ፣ በማግስቱ ቤቱን ልታስዘጋና ፎርሙን ተፈርሞ ልትወስድ ነው።

«አቶ ላክሶ፣ መኪናዎን ከመግቢያው ትንሽ ያርቁት? ጎረቤቶቹ ሲወጡ ይቸገራሉ።»

ጎረቤቶቹ ከሄዱ ሳምንት አልፏቸዋል። ኤይኖ ይህን ያውቃል፤ ሎርናም ታውቃለች።

«ሄልሚ ሆደ ባሻ ነች፣ ትቀየማለች» አለ ኤይኖ። «ግን እመክራታለሁ።» ሄዶም ቤት መኪናውን ከጥዶቹ ሥር ወሰደው።

«እማ፣ ከስተሻል» አለች ሜሬዲት።

«ወፍሬያለሁ። በየከተማው የቅቤ ኬክ ነው የበላነው።»

«ፈረምሽው?»

«ነገ፣ ሜሪ። ዛሬ እራታችንን እንብላ።»

እራቱ የተጠበሰ የተርኪ ዶሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ የክራንቤሪ ስጎና የዱባ ፓይ ነበር። ኤይኖም ሄልሚ ምድጃ ላይ የጋገረውን፣ እናቱ ያስተማረችውን ባለ ኮረሪማ ጣፋጭ ዳቦ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣ። ሜሬዲት ዳቦውን የማዕዱ ዳር ላይ አኖረችው። በዚህ ቤት ከዳኛው ዘመን ጀምሮ የቆየ ወግ አለ፤ ቢላዋው ተርኪው ላይ ከማረፉ በፊት በማዕዱ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ተራ በተራ በዓመቱ ያመሰገነበትን አንድ ነገር ይናገራል።

ሜሬዲት ስለ ልጆቿ ጤና አመሰገነች። ተራው የኤይኖ ሆነ። ሹካውን አስተካከለ፤ መልሶ አስተካከለ።

«እኔ በዚህ ማዕድ ተቀምጬ አላውቅም» አለ። «ይህን ወለል በጉልበቴ ተንበርክኬ ሰም ቀብቼዋለሁ፤ እዚህ ወንበር ላይ ግን ዛሬ ገና ነው። ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ። ስለ አሥሩ ቀንም። ከዚህ በኋላ ምንም ባይመጣ አሥሩ ቀን ይበቃኛል።»

ይበቃኛል። ሎርና ቃሉን በልቧ ደገመችው። የበቃው ሰው አይለምንም፤ አትሂጂም አይልም። ተራዋ ደረሰ።

«እኔ... ስለ አየሩ» አለች። «ዝናብ አልነበረም።»

ሜሬዲት ዓይኗን አነሳችና ከእናቷ ወደ ኤይኖ፣ ከኤይኖ ወደ እናቷ አየች። ኤይኖ ፈገግ ብሎ ሳህኑን አቀበለ። ዓይኖቹ ግን እንደ ያኔው፣ ከእንጨት ማከማቻው ጀርባ እንዳየቻቸው ዓይኖች፣ የሚናገሩት ነገር ነበራቸው። ሎርና ማንበብ አልቻለችም፤ ባለመቻሏም አፈረች።

*

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤቱን መዝጋት ጀመሩ። ሜሬዲት ሌላ ጠባቂ ልትጠራ አስባ ነበር፤ ኤይኖ «እጄ ያስታውሰዋል» አላት። እጁ አስታወሰው። ወለሉ ሥር ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ፤ ውሃው ወደ ሐይቁ ተንፎለፎለ። በየማጠቢያው ጉድጓድ በረዶ የማይዘውን ሮዝ ፈሳሽ አፈሰሰ። ፍራሾቹን አይጥ እንዳይደርስባቸው ግድግዳ አስደገፈ። ሜሬዲት ባልዲ ይዛ ከኋላ ከኋላው ስትከተል፣ አንዴ ሲያንሸራትታት ክንዷን ያዛት፤ «አመሰግናለሁ» አለች፤ «አቶ ላክሶ» ማለቱን ረሳችው።

የመጨረሻው ሥራ ምድጃው ነው። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ቤት የሚዘጋ ሰው የማይረሳው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አመዱን ጠርጎ፣ ለሚመጣው ግንቦት አዲስ እሳት አሰናድቶ ይሄዳል፤ ከሥር ወፍራሙን ግንድ፣ በላዩ ጭራሮ፣ በጭራሮው ላይ ቶሎ የሚቀጣጠለው የበርች ዛፍ ልጣጭ። በግንቦት ቤቱ ከውጭ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የሚገባው ሰው ጣቱ ደንዝዞ ነው የሚገባው፤ ክብሪት መጫር ብቻ እንዲቀረው ነው ይህ ሁሉ።

ሎርና ብርድ ልብስ እያጠፈች ከበስተኋላው ታየዋለች። ኤይኖ ተንበርክኮ ልጣጩን ደረደረ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ለሁለት የታጠፈ ነጭ ወረቀት አወጣና ከሁሉም በላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው እሱ?»

ኤይኖ ደንገጥ አለ። «ምንም አይደለም። ለግንቦት ነው። ያኔ እንደተውኩልሽ አድርጌ...» አንገቱን ነቀነቀ። «ተይው፣ ሎርና። መልስ አልጠየቅኩሽም። ያኔም መልስሽን ተቀብያለሁ፣ አልተቀየምኩሽም። ልትፈርሚ ነው ብዬ ነው፤ በግንቦት ስትመጪ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብሽ ብዬ።»

«ያኔ እንደተውክልኝ» አለች ሎርና ቀስ ብላ። «ምን ተውክልኝ?»

«ደብዳቤውን ነዋ።»

«የቱን ደብዳቤ?»

ኤይኖ ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ።

«የአባቴ ማስታወሻ የሚሰካው በሩ ላይ ነበር» አለ፣ ቃላቱን እየመረጠ። «የበሩን ማስታወሻ አባትሽ ያነባል። እኔም በሩ ላይ ሰክቼው አባትሽ እጅ እንዲገባ አልፈለግኩም። ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ ብለሽኛል። ቀድሞ የገባ እሳት ያነዳል። ስለዚህ እዚህ፣ እሳቱ ላይ አስቀመጥኩት። ቀድመሽ የምታይው ነገር እሱ ነው ብዬ።»

ብርድ ልብሱ ከሎርና እጅ ወደቀ።

ያ ቀን ቁልጭ ብሎ መጣባት። ዓርብ ነበር፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ከመኪናው ዘልላ ወርዳ ሮጠች። በሩ ላይ የሽማግሌው ላክሶ ማስታወሻ ተሰክቷል፤ የፓምፑ ዘይት ይቀየር ይላል። ገልብጣ አየችው። ጀርባው ባዶ ነው። ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ ክፍሏ፣ ትራሱን አንስታ፣ መሳቢያውን ከፍታ ፈለገች። የለም። እያለቀሰች ወደ ምድጃው መጣች። እናቷ ከውጭ «ሎርና፣ በብርድ አለቅን» ትላለች። ጣቶቿ ክብሪቱን መያዝ አቅቷቸው ነበር። ልጣጩ ላይ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ነበር፤ አየችው፤ ማቀጣጠያ ነው አለች በልቧ፤ እሳቱን የለኮሰችውም በእሱ ጥግ ነው።

«ጥሩ ያዘ» አለች ሎርና። ድምፁ የራሷ አልመስላት አለ። «በአንድ ክብሪት ነው የያዘው። እጄን አሞቅኩበት፣ ኤይኖ። በደብዳቤህ እጄን አሞቅኩበት።»

ኤይኖ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ አርባ አምስት ዓመት ቦታ ሲቀይር ታየ።

«ቅዳሜ መጥቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በጀልባ። ቤቱ ተዘግቷል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ተመላለስኩ። አንብበሽው የሄድሽ መሰለኝ።»

«ዓርብ ማታ ወደ ሐይቁ ስወርድ ደረጃው ተሰብሮ ቁርጭምጭሚቴ ተሰነጠቀ። በዚያው ወደ ቶሮንቶ ወሰዱኝ፤ እስከ ሐምሌም አልተመለስኩም።»

«ሦስተኛው ደረጃ?»

«ሦስተኛው ደረጃ።»

ኤይኖ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሎርና የሚያለቅስ መሰላት፤ ጠጋ ብላ ስታየው ግን እየሳቀም ነበር። «ጽፌልሽ ነበር እኮ» አለ። «እሱንም ጽፌልሽ ነበር።»

ሎርና አጠገቡ ተንበረከከች። ወረቀቱን ከልጣጩ ላይ አነሳችው።

«አዲስ ነው?»

«አይደለም። ያኔ ያልኩትን ነው የደገምኩት። በቃሌ ነው የማውቀው። የምጨምርበት አላገኘሁም።»

ከፈተችው። ያለ መነጽር ፊደሉ ይደበዝዛል፤ እንባም አለ፤ ግን አጭር ነበር።

«ሎርና፣ እጠብቅሻለሁ። ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ሦስተኛው ደረጃ በስብሷል፣ እንዳትረግጪው። ከምትመጡበት ሳምንት ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ መድረኩ ጫፍ ላይ እሆናለሁ። ካልመጣሽ መልስሽ ይገባኛል፤ ከእንግዲህ በቃል አላስቸግርሽም። እሳቱን ከላይ ለኩሺው፣ ከሥር ከለኮስሽው ይጨሳል። ኤይኖ።»

ከላይ ለኩሺው። ሎርና አንገቱ ሥር ገባችና አለቀሰች፤ እንደዚያ አድርጋ ያለቀሰችው ባሏን የቀበረች ጊዜ ብቻ ነው። በዚህኛው ለቅሶ ውስጥ ግን ምሬት አልነበረም። ሳትወደድ የቀረች የመሰላት ልጅ፣ ያቺ ጣቷ የደነዘዘ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ለካ ስትጠበቅ ነበር።

«አሁን በለኝ» አለችው። «በወረቀት አይደለም። በአፍህ በለኝ።»

ኤይኖ አገጯን ቀና አደረገ። እንደሱ ላለ ሰው ይህን መናገር ፓምፕ ከመሸከም ይከብዳል።

«አትፈርሚ» አለ። «ሰድበሪ ያለው ቤቴ ትንሽ ነው። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ጋራዥ ነው። አትፈርሚ፣ ሎርና። አሥር ቀን አይበቃኝም። ትናንት ዋሸሁ።»

በሩ ላይ ባልዲ ተቀመጠ። ሜሬዲት ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም፤ አፍንጫዋ ግን ቀልቷል።

«ያንን ወረቀት አንብበሽው ቢሆን» አለች፣ «እኔ የለሁም ማለት ነው።»

ሎርና የኤይኖን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች። ወደ ልጇ ሄደች፤ የቀዘቀዙትን እጆቿን ይዛ በመዳፏ መሐል አደረገቻቸው።

«ትናንት ተራዬ ሲደርስ ስለ አየሩ አመሰገንኩ» አለች። «አሁን በትክክል ልናገር። ስላቃጠልኩት ወረቀት አመሰግናለሁ፤ አንቺንና አባትሽን ሰጥቶኛል። ስላላቃጠልኩት ወረቀትም አመሰግናለሁ። ሁለቱንም የሰጠኝ አንድ ምድጃ ነው፤ አንዱን አንስቼ አንዱን አልረግምም።»

ሜሬዲት አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ ከእናቷ ትከሻ በላይ ኤይኖን አየችው።

«ኤይኖ» አለች፤ እንዲህ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። «ዳቦው አልቋል። ጠዋት ብቻዬን ጨረስኩት። ልነግርዎ አፍሬ ነው።»

«ደግሞ እጋግራለሁ» አለ ኤይኖ።

ሎርና ቦርሳዋን ከጠረጴዛው አነሳች። ፎርሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣችው። አራቱን ገጽ ለሁለት አጠፈች፤ ተንበርክካ ልጣጩ ላይ፣ የደብዳቤው ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ነገ እኮ ነው የመጨረሻው ቀን» አለች ሜሬዲት፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አውቃለሁ። ደህና ወረቀት ነው፤ በአንድ ክብሪት ይይዛል።»

«በግንቦት ማነው የሚለኩሰው?»

«ቀድሞ የገባ» አለች ሎርና፣ የምድጃውን በር ዘግታ። «ይህኛውን ማንም ማንበብ የለበትም።»

ቤቱ ተቆለፈ። ሜሬዲት መኪናዋን አስነስታ መስኮቷን ዝቅ አደረገችና እጇን እስከ መታጠፊያው ድረስ ስታውለበልብ ሄደች። ሄልሚ ከጥዶቹ ሥር ወጥታ የጠጠሩን መንገድ እያጉረመረመች ያዘች። ከዋናው መንገድ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ቶሮንቶ፣ ወደ ግራ ሰድበሪ ይላል። ኤይኖ ፍሬን ይዞ ሳያስበው ዞሮ አያት፤ ሎርና ሳቀችበት፤ እሱም አፍሮ ወደ ግራ ታጠፈ። እጁ ከመሪው ወርዳ ጉልበቷን ነካ አደረገች። በዚህኛው ጊዜ ሎርና ያዘቻት፤ አልለቀቀቻትም።

ሐይቁ በጥዶቹ መሐል እየታየ እየጠፋ አብሯቸው ሄደ። ፀሐይ ዓይኗን ስለወጋቻት መነጽሯን ፍለጋ በአንድ እጇ ቦርሳዋን ከፈተች። የታጠፈው ደብዳቤ ጥግ ብቅ አለ። ሎርና መነጽሯን አደረገችና አወጣችው፤ ዳር እስከ ዳር፣ ሳትቸኩል፣ ደግማ አነበበችው።